ዳባት ላይ የቀረው ጉዞ

እኔና ባሌ ደረጀ ልጅ አጥተን ብንመረመር ዘር የሌለው እሱ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ፣ «በሌላ ሰው ዘር መውለድ ይቻላል፤ በአገራችን ግን ስለማይፈቀድ ውጭ መሄድ አለባችሁ» አለን። ደረጀ ሲያስብ ከርሞ እሺ አለ። ፓስፖርት አወጣን፤ እኔም ማህፀን የሚያዘጋጀውን መድኃኒት ጀመርሁ። ከመሄዳችን በፊት እናቱን ልንሰናበት ከደባርቅ ዳባት ወረድን።

አማቴ ደጃፍ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ። ደረጀ አስቀድሞ ሁሉን ነግሯቸው ኖሯል። ቀና ሳይሉ፣ «የማይታወቅ ሰው ዘር ፍለጋ ባሕር መሻገር ለምን አስፈለገ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ወንድሙ ካሳሁን አለ አይደል? እሱ ዘንድ ብታድሪ ማን ያውቅብሻል? ዘሩም ከቤት አይወጣም። ካሳሁን እንደሆነ እሺ ብሏል።»

ወደ ባሌ ዞርሁ። «አንተም ታውቃለህ?»

መሬት መሬት እያየ፣ «ልጁ እኔን እንዲመስል ብዬ ነው» አለ።

እናትና ልጆች ተቀምጠው በእኔ ገላ ላይ ሲመክሩ ታየኝ። «እኔ የተስማማሁት ሐኪም ዘንድ ልሄድ ነው» ብዬ ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ደረጀ ተከተለኝ፤ በመኪና ወደ ደባርቅ ተመለስን። መድኃኒቱን አቆምሁ። የጉዞውን ነገር እሱም ዳግም አላነሣው።

ዛሬም አንድ ቤት ነን። አማቴ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ምን ይደረግ፣ ሚስቱ መካን ናት» ይላሉ። ደረጀ አጠገባቸው ተቀምጦ ይሰማል፤ አንድም ቀን አይደለም ብሎ አያውቅም።