የተሰረዘው ፊቴ

ይኸውላችሁ፣ የጎረቤቴ ልጅ ሊዲያ እዚህ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ አርት ነው የምትማረው። ፊቴን መዳብ ላይ ቀርጻ ወረቀት ላይ አተመችውና ትምህርት ቤቱ ከድሮ ህትመቶቹ ጋር ሊያስቀምጠው ወሰደላት። "አንቲ፣ ነይ እዪው" አለችኝ፤ ከሥራ ኦፍ ስለነበርኩ ሄድኩ። ገና ከበሩ ቦርሳሽን አስቀምጪ፣ እጅሽን ታጠቢ ሲሉኝ ደስ አላለኝም። የገዛ ፊቴን ልሰርቅ ነው?

ህትመቶቹ የሚቀመጡበት ክፍል ኃላፊ፣ አንዲት ፈረንጅ፣ መሳቢያውን ስባ ከድሮ ፈረንጆች ምስል መሃል የኔን አወጣች። አልዋሽም፣ ቆንጆ ነበር። ሁለተኛውን ወረቀት ስትገልጥ ግን ክው አልኩ። ያው የኔ ፊት ነው፤ ግን ከግንባሬ እስከ አገጬ በትልቅ ኤክስ ተሰርዟል። በሰው ምስል ላይ እንዲህ የሚሠራ መተተኛ እንደሆነ እኔ አጥቼው ነው?

"ማነው ይሄን ያደረገው?"

"እኔ ነኝ" አለች ሊዲያ፣ ያውም እየሳቀች።

"ምን በደልኩሽ?"

"ኖ ኖ፣ አንቲ! አትሜ ስጨርስ መዳቡን ራሴ ሰረዝኩት። ከእንግዲህ ማንም ፊትሽን ፕሪንት ማድረግ አይችልም። ይሄኛው መሰረዙን ለማሳየት ከተሰረዘው መዳብ የታተመ ነው። ሁሌ እንደዚህ ነው የሚደረገው።"

ፈረንጇም በእንግሊዝኛ ያንኑ ነገረችኝ። ተመካክረው ቢሆንስ? መኪና ውስጥ እንደገባን፣ "መዳቡ የት ነው?" አልኳት።

"እኔ ጋ።"

"አምጪው።"

አሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ልጅቷን አምኛታለሁ። መዳቡን ግን ለማንኛውም ጠበል ረጭቼበታለሁ።