እሜቴ የሚል ደረሰኝ

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ መሪጌታና ላፕቶፕ ያቀፈች ወጣት ተቀምጠዋል። ልጅቱ የገበሬዎች ማኅበሩን የሒሳብ ሶፍትዌር የምትሠራ መሆኗን ከወሬያቸው ተረዳሁ።

«ደረሰኛችሁ ‹ውድ ደንበኛ› እያለ ስለሚጠራኝ ገብስ ማምጣቱን ትቻለሁ» አሏት።

«አሁን እኮ ተሻሽሏል፣ መሪጌታ። ድሮ ቅጹ እንደመጣ ነበር የሚታተመው። አሁን እቅጹ ውስጥ ራሴ ኮድ መጻፍ እችላለሁ።»

«ኮዱ ምን ያደርጋል?»

«ደንበኛው መሪጌታ ከሆነ ‹መሪጌታ› በል፣ ቄስ ከሆነ ‹ቄስ› በል ብዬ አዘዋለሁ።»

«ይታዘዛል?»

«እኔ ካልተሳሳትኩ ይታዘዛል።»

«ከተማሪዎቼ ይሻላል!»

ሳቀች።

«ነጭ ሽንኩርት የምታመጣላችሁን ባለቤቴንስ ምን ይላታል?»

«‹ወይዘሮ› ይላቸዋል።»

«አይበቃም። ‹እሜቴ› ይበላት።»

«እርስዎ እቤት እንዲያ ነው የሚጠሯቸው?»

መሪጌታ ወደ ልጅቱ ጠጋ አሉ።

«ከተጋባን ጀምሮ ‹አንቺ!› ነው የምላት። አሁን ድንገት ብጀምር አሞታል ትላለች። እስቲ ወረቀቱ ይጀምርልኝ።»

«እሺ፣ ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ» አለችና ላፕቶፑን ከፈተች።

እኔም ስልኬን አውጥቼ ባለቤቴን በምን ስም እንደመዘገብኳት አየሁ።