ከረጢቱ ለሁለት ሰው ነው

ጨዋነት መልካም ነገር መሆኑን የሚክድ አንባቢ የለም፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ጨዋነት የሰው ወገብ ሊሰብር እንደሚችል ያወቅሁት ባለፈው በጋ፣ በምኖርበት የፈረንጅ አገር፣ ዳንደኖንግ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ ነው።

ጋሽ አብዱልቃድር ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። የወሎ ሰው ናቸው። የሆቴል አንሶላና ፎጣ በሚያጥብ ፋብሪካ ብዙ ዘመን ስለ ሠሩ፣ እዚያ ያለው ሐበሻ ሁሉ እንደ አባት ያያቸዋል። በእጃቸው የወገብ ቅባት ይዘው ነበር።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔስ ደህና ነኝ አድማሱ፣ አልሐምዱሊላህ። አብሮኝ ለሚሠራው ለሙንታሲር ነው። ወገቡን ይዞት ከሥራ ከቀረ ሰነበተ። ልጠይቀው መሄዴ ነው።»

ይህን ሲሉ የሙንታሲር ሚስት ኒስሪን ትንሿን ልጇን ዙልፋን በጋሪ እየገፋች ከተፍ አለች። ኒስሪን ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነት በዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ አንደበቷም እንደ ትምህርቷ የተሳለ ወጣት ናት። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችንና ወዲያው ወደ ነገሯ ገባች።

«ጋሼ፣ እንኳን አገኘሁዎት። ሐሙስ ሚቲንግ አላችሁ አይደል? የሴፍቲ ተወካይ፣ ስለ ደኅንነታችሁ የሚናገርላችሁ ሰው፣ ትመርጣላችሁ አሉ። ለምን እርስዎ አይወዳደሩም?»

«እኔ?» ሳቁ ጋሽ አብዱልቃድር። «ቀጥሮ የሚያሳድረኝን ሰው ፊቱ ቆሜ ላማርር? ይሉኝታ የለኝም እንዴ ልጄ? ደሞስ በየትኛው እንግሊዝኛዬ!»

«አስተርጓሚ ይጠየቃላ።»

«ማኔጀሩ እኮ ክፉ ሰው አይደለም። በየሚቲንጉ ችግር አለ ወይ ብሎ ይጠይቀናል።»

«እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?»

«ኖ ፕሮብሌም።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም!» አሉ፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማቸው።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። የእኛ ሰው እግሩ ላይ ድንጋይ ቢጥሉበት እንኳ «ምንም አይደል» ይላል፤ የጣለው ሰው እንዳያፍር። ደግ ጠባይ ነው፤ ግን ድንጋዩን ከመንገድ የሚያነሳ አይገኝም።

ኒስሪን ግን አልሳቀችም። «እርጥብ አንሶላ የሞላውን ከረጢት ስንት ሰው ነው የሚያነሳው?» ብላ ጠየቀች።

«ሁለት። ግድግዳው ላይ ሥዕሉ ተለጥፏል።»

«ከእርስዎ ጋር የሚሠራውስ ማነው?»

«ባልሽ ነዋ።»

«ታዲያ አብራችሁ ታነሱታላችሁ?»

ጋሽ አብዱልቃድር ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እሱ መች እሺ ብሎኝ! ‹ይተዉ ጋሼ› ብሎ ከእጄ ይነጥቀኛል። ያሳደጉት ልጅ ነው። እኔም እመርቀዋለሁ።»

«አዩ ጋሼ፣ ሙንታሲር ሽበትዎን እያየ ሊያሸክምዎ አይችልም። እኔም ብሆን አልችልም። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ግን ይህን ከየት ያውቃሉ? ‹ሁለት ሰው› ብለው ሲጽፉ አንዱ እንደ አባት፣ ሌላው እንደ ልጅ ይሆናል ብለው አላሰቡም። ፋብሪካውን የሞላው ከአፍሪካ የመጣ ሠራተኛ ነው፤ ሲጻፍ ግን ከመካከላችሁ የተጠየቀ የለም።»

«ታዲያ ልጆቻችን ባለጌ ይሁኑ ነው የምትይኝ?» ድምፃቸው ከረር አለ። «አገር ለቀን መጣን፤ አክብሮታችንንም እንልቀቀው?»

«ኧረ በጭራሽ! አክብሮቱ ይቆይ፣ ሥራው ይለወጥ ነው የምለው። ከረጢቱ ይነስ። ጎንበስ ሳትሉ እንድታነሡበት ወለሉ ራሱ ከፍ ዝቅ የሚል ጋሪ ይምጣ። ያኔ የሚሻሙበት ሸክም አይኖርም።»

«ቢያባርሩኝስ?»

«ተወካይ ሆነው ስለ ተናገሩ እርስዎን መበደል በሕግ ክልክል ነው። ማኔጀሩም ሰው ነው ጋሼ፤ ያልነገሩትን አያውቅም።»

ሽማግሌው በልባቸው እንዳልተቀበሉ ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። በዚህ መሐል ዙልፋ ጋሪዋ ውስጥ መነጫነጭ ጀመረች።

«አይዞሽ የኔ እመቤት፣ አሁን ቤት ስትገቢ አባትሽ ያቅፍሻል» አሏት።

ኒስሪን አንገቷን ደፋች። «ካመመው ወዲህ አላነሳትም ጋሼ። ጎንበስ ማለት አቅቶታል። እጇን ስትዘረጋለት ፊቱን ያዞርባታል፤ እንባውን እንዳላይበት።»

ጋሽ አብዱልቃድር በእጃቸው ያለውን ቅባት አዩት። «እኔ እኮ በተሸከመ ቁጥር ስመርቀው ነበር» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሐሙስ የሆነውን ራሳቸው እንደ ነገሩኝ እጽፋለሁ። ማኔጀሩ እንደ ልማዱ ችግር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሠራተኛውም እንደ ልማዱ «ኖ ፕሮብሌም» አለ። ጋሽ አብዱልቃድር ተነሡ። አስቀድመው ያስጠሩት አስተርጓሚ በስልክ እያዳመጠ፣ በገዛ አማርኛቸው፣ «ፕሮብሌም አለ። ፕሮብሌሙ እኔ ነኝ» አሉ። የሙንታሲርን ነገር ከነምርቃቱ ዘርዝረው ነገሩት።

ማኔጀሩ ደንግጦ፣ «ለምን እስከ ዛሬ ዝም አላችሁ?» አለ።

«ደህና ሰው ስለሆንክ እንዳናስቀይምህ ብለን ነው» ብለው መለሱለት።

እሳቸው ሲቀመጡ አንዲት የሱዳን ሴት ስለሚያቃጥላቸው የማጠቢያው እንፋሎት ተነሥታ ተናገረች፤ ከእሷ ቀጥሎም ሌሎች። በዚያው ቀን ጋሽ አብዱልቃድር ተወካይ ሆነው ተመረጡ። ዛሬ ከረጢቱ አንሷል፣ ከፍ ዝቅ የሚለው ጋሪም መጥቷል፣ ለሚቲንግ አስተርጓሚ ይጠራል። በሕመም የሚቀረው ሰው ስለ ቀነሰ ማኔጀሩም ከሠራተኛው እኩል ደስ ብሎታል። መናገር ውለታ መርሳት ሳይሆን ውለታ መመለስ መሆኑን ለሚጠራጠር ሁሉ ይህ ይበቃዋል።

በቀደም እዚያው ገበያ ሁሉንም አገኘኋቸው። ሙንታሲር ወገቡ ተሽሎት ዙልፋን ታቅፎ ቆሟል፤ እሷም ጆሮውን ትጎትታለች። ጋሽ አብዱልቃድር ሽንኩርት የሞላ ዘንቢል ሲያነሱ አየና፣ «ይተዉ ጋሼ!» ብሎ በነፃው እጁ ሊነጥቃቸው ዘለለ።

እሳቸውም የዘንቢሉን አንዱን ጆሮ ለቀውለት ሌላውን አጥብቀው ያዙና፣ «ይህ ለሁለት ሰው ነው» አሉት። ዘንቢሉን በመካከላቸው አንጠልጥለው ወደ መኪናው ሄዱ።