ስፖንዳው ሲከፈት
የአንድ መጋዘን ጭነት አውራጆች አለቃ፣ ባልደረቦቹ «ትከሻው» የሚሉት፣ እግሩ የተቀጠቀጠ አውራጅ ደግፎ ጤና ጣቢያ ቢገባ ቁስል አጣቢዋ የእህቱ ልጅ ሆና ተገኘች። ወደዚያ መዛወሯን አልሰማም ነበር። ቁስሉን አጥባና ጠቅልላ ሰውየውን ወደ ራጅ ክፍል ከሸኘች በኋላ፣ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። ሁለቱም ዝለዋል።

«አጎቴ፣ ከእናንተ መጋዘን በዚህ ወር ይሄ ሦስተኛው ነው።»

«ምን ይደረግ ልጄ፣ ዕጣው ነው። እኔንም ሠላሳ ዓመት ያተረፈኝ አንድዬ ነው።»

«አንድዬማ ዓይንም ሰጥቶናል። ጭነቱ እንዴት ወደቀበት?»

«የመኪናውን የኋላ መዝጊያ፣ ስፖንዳውን ሲከፍት የሴራሚክ ካርቶን ተናደበት።»

«እጁ የተሰበረውስ?»

«እሱም... ስፖንዳውን ሲከፍት።»

«የመጀመሪያውስ?»

«እሱም ያው ስፖንዳውን...» አለ አለቃው። ሦስቱንም እንደ ልዩ ልዩ መዓት ሲያዝንባቸው ከርሞ፣ ከአፉ ሲወጡ አንድ ሆኑበት።

«ጭነቱ መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ስፖንዳው ላይ ተደግፎ ነው የሚመጣው» አለች። «መደገፊያውን ሲነሱት ይወድቃል። ታዲያ ለምን ከፊቱ ትቆማላችሁ?»

«ሹፌሩ ያጣድፈናል። ጭነት ሳይ፣ ሰው ሳርቅ ብውል ‹ትከሻው ፈራ› ይሉኛል።»

«ይበሉ። ለዚህ ሰው ሚስትስ ምን ልትላት ነው?»

«ለፊተኞቹ ሁለት ሰዎች ሚስቶች ነግሬያለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሦስተኛዋ የምነግርበት አፍ የለኝም።»

ሰው የለመደውን አደጋ እንደ ዝናብ ይቆጥረዋል፤ ከዝናብ ግን የማይጠለል የለም።

በማግስቱ መኪና ሲገባ አለቃው ሸራውን ገልጦ ጭነቱን አየ። ከላይ ያዘመመውን በገመድ አሰረ፤ ከሥር ያለው ግን አይታይም ነበር። «ከፊቱ ዞር በሉ!» አለ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አንዱ አውራጅ፣ «ዛሬ ደግሞ ጭነቱን ሙሽራ አስመሰልከው፣ ሽማግሌ!» ብሎ ሳቀ። አለቃው በጎን በኩል ቆሞ መቀርቀሪያውን አነሳ።

ስድስት ካርቶን ሴራሚክ ባዶ መሬት ላይ ተንኮታኮተ። ሳቂው እስከ ትናንት ይቆምበት የነበረውን ቦታ አየና የተሰባበረውን ሊለቅም ጎንበስ አለ። ሹፌሩም ጥሩምባውን ተወ።

ከሁለት ወር በኋላ እግሩ የተቀጠቀጠው አውራጅ እያነከሰ ሥራ ገባ። መኪናው ሲቆም ወደ ኋላ አፈገፈገ። አለቃው ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደውና፣ «አሁን የምንከፍተው እዚህ ሆነን ነው፤ አይዞህ» አለው።

በዚያ ግቢ ማራገፍ ዛሬ ሩብ ሰዓት ይዘገያል። አውራጆቹ እንደ ድሮው ወገባቸውን ይዘው፣ ደክሟቸው ይወጣሉ፤ ግን በገቡበት እግራቸው ይወጣሉ። አለቃውም ከዚያ ወዲህ የማንንም ሚስት በር ለማንኳኳት ከሥራ ቀርቶ አያውቅም።