የፋንትነሽ መዳፍና ቀዩ መብራት

ፋንትነሽ፣ «ማሃኔ የሁዳ» ከሚባለው ገበያ አጠገብ ባለው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። እጇ የተጎዳው ገና አገር ቤት፣ ጎንደር ሳለች፣ ሸክላ ስትተኩስ ነው። ጠባሳው መዳፏን ሸብቦ ሁለት ጣቶቿን ቆልምሟቸዋል። ሐኪሙ፣ በሙቀትና በማሳሳብ ካልተፍታቱ ቢላ ይሻሉ ብሏታል። እጇ ካልተፈታ ጭቃ አትይዝም፤ ጭቃ የማትይዝ ፋንትነሽ ደግሞ ማን እንደሆነች ራሷም አታውቅም።

ፋንትነሽ በምትታከምበት ክሊኒክ ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ሙያ የምትማረው የጎረቤቷ ልጅ አዝመራ ከአውቶቡስ ስትወርድ አየቻት።

«እምዬ፣ እንደምን ዋሉ? እጅዎን ከምናሞቅበት መብራት ለምን ቀሩ?»

«እሱን መብራት ትይዋለሽ? የድመት ትንፋሽ ይሻለዋል! አገር ቤት ወገቤን ሲያመኝ ብረት አግለው ተኮሱኝ፤ ጮኼ ዳንሁ። ያንቺው አንዴ እንኳ እህ አላሰኘኝም።»

«እጅዎስ ለምን ተሸፈነ?»

ፋንትነሽ እጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። አዝመራ ነጠላውን ገለጥ አደረገችው። መዳፉ ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል፤ አሮጊቷ ቤቷ ኤሌክትሪክ ማሞቂያው ላይ ደቅና ጠብሳዋለች።

«ኦይ! ላስረዳዎት?»

«አስረጂ፤ ግን ዕብራይስጥ አትቀላቅይብኝ።»

«በሰደር» አለች አዝመራ፣ «እሺ» ለማለት።

«ይኸው ጀመረች!»

አዝመራ እየሳቀች አጠገቧ ተቀመጠች። «ቆዳችን ውስጥ ፈትል የሚመስል ነገር አለ፤ ኮላጅን ይሉታል። ቆዳን አጽንቶ የሚይዘው እሱ ነው። ጠባሳ ላይ ግን ፈትሉ ተጠላልፎ ነው የሚበቅል። መጠነኛ ሙቀት ሲያገኝ ለዘብ ይላል፤ ያኔ ቀስ ብለን እንስበዋለን። ሙቀቱ ሲበዛ ይኮማተራል። እሳት ዳር የተረሳ ጠፍር አይተው አያውቁም?»

«ጫማዬን አይቻለሁ። አውራ ጣቴን እንኳ አላስገባ ብሎ ቀረ።» ፋንትነሽ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ቆይ እስቲ፤ ቆዳዬ ውስጥ የሚገባው ቀዩ ብርሃን ነው?»

«ቀዩ ለዓይን ነው። በብዛት የሚያሞቀው የማይታየው ጨረር ነው። ሸክላ ሲተኩሱ፣ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ ፊትዎን አይገርፍዎትም ነበር?»

«እንዴታ!»

«እሱው ነው።»

ፋንትነሽ ተደነቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ፊቷን የገረፋትን ነገር ሰዎች መርምረው መብራት ውስጥ አስገብተውታል!

«መጨማደዴንስ ያቃናልኛል?»

«አላታልልዎትም፤ አያቃናም። ይልቅ እግርዎን ያሳዩኝ።»

ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። ምድጃ ዳር የኖረ ቅልጥሟ እንደ መረብ ቡራቡሬ ሆኗል።

«ይኼ አላስጮኸዎትም፤ ግን ዓመት ከዓመት ተደራርቦ ቆዳውን ጎዳው። የማያሳምም ሙቀት እንኳ ሲበዛ እንዲህ ካደረገ፣ ውኃ የሚያስቋጥረውማ ምን ያደርግ? ሕመሙ ‹ራቂ› የሚልዎ ነው እንጂ መዳኑ አይደለም።»

ፋንትነሽ ቅልጥሟን ዳሰሰች። ከሰው ጋር ቢሆን ብዙ በተከራከረች ነበር፤ የገዛ እግሯ ሲመሰክርባት ግን ምን ትበል?

«ተነሽ በይ» አለች። «ሐኪሙ ቁስሉን ይየው።»

ቁስሉ ድኖ ቆዳው እስኪጠና የመብራቱ ሕክምና ቆመ። ከዚያ በየጊዜው ፋንትነሽ ለዘብ ባለው ሙቀት እጇን ታሞቃለች፣ አዝመራ ጣቶቿን ትስባለች፣ ፋንትነሽም ትሳደባለች። ጣቶቹ ፈጽመው ባይቃኑም ከመዳፏ ተላቀቁ፤ ሐኪሙም ቢላውን ተወው።

አንድ ቀን ክሊኒኩ ውስጥ፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ሀብቱ የሚባሉት፣ መብራቱን ጎትተው ጉልበታቸው ላይ ሊደፉት ደረሱ።

«አንቱ ሰውዬ፣ ይመልሱት!» ብላ ጮኸች። «እሳት የሚያጸናው ሸክላን ነው፤ ሰውን ያሳርረዋል። ልከኛው ሙቀት ጠባሳ ያለዝባል፣ ጣት ይፈታል፣ ከቢላም ያተርፋል። የበዛው ያኮማትራል።»

«አንቺ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው?» አሏት።

ፋንትነሽ ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ የመብራቱን አንገት በአምስቱም ጣቶቿ ጨብጣ፣ ከጉልበታቸው አራቀችላቸው።