ኮሶዬ ሳይደርስ ያለቀው ምርጫ

ስሙኝማ፣ እስካሁን ደሜ እየፈላ ነው የማወራችሁ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበሩን የሚመርጠው በየመንደሩ በተራ እየዞረ ነው፤ ሁልጊዜ ከታች ከጠዳ ይጀምርና ደጋው ላይ እኛ ኮሶዬ ያበቃል። ዘንድሮ ደጋዎቹ በሙሉ የምንፈልጋት ዕጩ ነበረችን፣ ወይዘሮ አገሬ። ድንቻችን መኪና ሲጠብቅ እንዳይበሰብስ እዚሁ መጋዘን ይሠራ ያለች እሷ ብቻ ናት። የምርጫችን ቀን ውቂያውን ጥለን ተሰበሰብን። አስመራጩ ከከተማ መጣና ገና ሳይቀመጥ፣ «ወይዘሮ አገሬ የታች መንደሮች ስላልመረጧት ተስፋ ቆርጣ ራሷን አግልላለች። የቀረው አንድ ዕጩ ነውና ለሥርዓቱ ያህል እጅ አውጡ» አለን።

«ምነው? እኛ ሳንጠየቅ እንዴት ያልቃል?» ብዬ ተነሣሁ። «በሉ በሚቀጥለው ከኮሶዬ ጀምሩ!»

«ኮሶዬማ መንገዱ ሩቅ ነው» ብሎ አስመራጩ ሳቀ።

ይኼኔ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ፣ አያ ደሴ፣ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ፣ ድንቻችንን ልትጭኑ ስትመጡ ሩቅ ነው ብላችሁ አታውቁም» አሉት።

ሳቁን ዋጠ። «እሺ፣ የምትደግፉ እጅ አውጡ» አለ። እኔ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ጨበጥኩ። ዞር ብዬ ሳይ አንድም ሰው አላወጣም። ወጥተን ወደ ውቂያችን ሄድን።

በሳምንቱ ውጤቱ ሲነገር ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ኮሶዬ በሙሉ ድምፅ ደግፏል።» እስቲ የማንን እጅ አይተው ነው?