ኬላ ላይ የተያዘችው የቡና ፍሬ

ጓድ ዲሬክተር፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ወይዘሮ በየነች፤

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው መምህር ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ቴፒ የገቡ ዕለት መጀመሪያ የተቀበልኳቸው እኔ ተረፈ ነኝ። አበባ ይዤ ግን አይደለም፣ ጠመንጃ ይዤ ነው። ያኔ በ1969 የኬላ ጠባቂ ነበርኩ፤ ሥራዬም ያለ ፈቃድ የሚዘዋወር ቡና መያዝ።

ከጭነት መኪና ወረዱ፤ ጭቃው ጉልበታቸው ደርሷል። ጆንያቸውን ብፈትሽ አንድ ሰፌድና በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት የቡና ፍሬ ወጣች።

«ይህችስ?»

«የእንግሊዝኛ ማስተማሪያዬ ናት።»

«ጓድ መምህር፣ አንዲትም ብትሆን ቡና ናት» ብዬ ያዝኩባቸው።

«እንግዲያው ደረሰኝ ቁረጥልኝ» አሉና እዚያው ማስተማር ጀመሩ። «ዓመትና ወር ጆንያ ነው፣ ውስጡ ትገባለህ፤ ኢን በል። ቀን ሰፌድ ነው፣ ላዩ ላይ ትዘረጋለህ፤ ኦን በል። ሰዓት ይህች የያዝክብኝ ፍሬ ናት፤ በጣትህ ነካ አድርገህ አት በል።»

ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የጣለኝ እንግሊዝኛ ነው። መምህሮቼ ያላስገቡልኝ ነገር ኬላ ላይ ቆሜ ገባኝ። በወሩ እሳቸው የሚያስተምሩበት የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጋሼን «ቅዳሜ ቤት ይምጡ» ያላቸው ሰው ምን ይባላል? «ሰፌዱን ነገርከኝ፤ ፍሬዋስ?» አንድ ጊዜ የስብሰባ መሪ «በቅርቡ እንገናኛለን» ቢሉ፣ ጋሼ እጃቸውን አውጥተው «በጆንያ ነው በሰፌድ?» ብለው ጠየቁ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ የሳቅነው ውጭ ወጥተን ነው። ደግሞ ባለቤታቸው ወይዘሮ በየነች እንደነገሩን፣ ጋሼ የሠርጋቸውን ሰዓት ያስታውሳሉ፣ ዓመቱን ግን ረስተዋል። «ፍሬዋን ይዞ ጆንያውን ጣለው» ይላሉ።

ጋሼ፣ ቀልዱ ይብቃን። የማታ ተማሪ ሳለሁ ዝናብ ሲጥል ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ የተገኘሁባቸው ቀናት ነበሩ። «አንድ ሰው ብቻ ነው» ብለው ቀርተው አያውቁም። ዛሬ መምህር የተባልኩት በዚያ ነው። አመሰግንዎታለሁ።

ከሰኞ ጀምሮ ሰባተኛ «ለ»ን የምረከበው እኔ ነኝ። አልደብቅም፣ ፈርቻለሁ። ሃምሳ ስምንት ልጆች እርስዎን ጠብቀው እኔን ሊያዩ ነው።

ፍሬዋ ይህችውላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር ናት፤ ለመንግሥትም አላስረከብኳት፣ ደረሰኝም አልቆረጥኩላት። ዛሬ ልመልስልዎት ብዬ ነበር ይዣት የመጣሁት።

እስቲ ከሸኮ የመጣውን የማር ጠጅ አንሱ። ጋሼ፣ ዕድሜዎ ጆንያ ሙሉ ይሁን፤ ከእንግዲህ ደወል አይቀስቅስዎ። ፍሬዋን ግን አልመልስም። ሰኞ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ትፈለጋለች።

ለጤናዎ!